በተኑ እያለ ለምን አይታይም? የአማርኛ አፕ ስክሪን ለዓይን እንዲመች አድርጎ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

አፑ ይሠራል። በተኑም አለ። ተጠቃሚው ግን ስልኩን ይዞ «የቱን ልጫን?» ይላል። ዲዛይነሩ «ታች አለልህ እኮ!» ይለዋል። ይህ ነገር በየቢሮው ይደጋገማል፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በተጠቃሚው ላይ ይላከካል። ተጠቃሚው ግን አላጠፋም። ዓይኑ የሁሉም ሰው ዓይን እንደሚሠራው ነው የሠራው።

እጃችሁን ዘርጉና የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይን በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው ስፋት ከዚያ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ 2 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀረው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። አእምሮ ቀጥሎ የት እንደሚያይ የሚወስነው ከዚያ ብዥታ ተነስቶ ነው። እዚያ ውስጥ ፊደል አይነበብም። የሚለየው ደማቅና ደብዛዛ፣ ትልቅና ትንሽ፣ የተጠጋጋና የተራራቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ከእነዚህ ይጀምራል። ቀለም ወደ መጨረሻ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል በመገልበጥ ነው።

ለምሳሌ የምንጠቀመው አንድ ስክሪን ነው፦ የገንዘብ መላኪያ ፎርም። ለማን፣ ስንት፣ ከየትኛው ሂሳብ፣ ከዚያ «ይላኩ»። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ የቆመ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ። ስክሪኑ ትንሽ፣ ብርሃኑም ደከም ያለ ቢሆን ይመረጣል። በላፕቶፕ ላይ ብቻ የጸደቀ ዲዛይን አልጸደቀም።
- ፊግማ ወይም የለመዳችሁት ሌላ የዲዛይን ፕሮግራም።
- ኮንትራስት (በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት) የሚለካ መሣሪያ። በክሮም ብሮውዘር ኢንስፔክት ሲባል በሚከፈተው ክፍል፣ በቀለም መምረጫው ውስጥ አለ፤ ለፊግማ ደግሞ ፕለጊን ይገኛል።
- አፑን አይተው የማያውቁ ቢያንስ ሦስት ሰዎች። አንዱ ከ45 ዓመት በላይ ይሁን። በዚያ ዕድሜ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ማየት ያስቸግራል።
- ጊዜ። አንዱን ስክሪን በደንብ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

## ደረጃ 1፦ ስክሪኑ የሚጠይቀውን በወረቀት ጻፉ

1. ተጠቃሚው ከዚህ ስክሪን ሲወጣ ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። «ለአንድ ሰው ብር ልኮ ይወጣል።»
2. በስክሪኑ ላይ የሚገባውን ሁሉ ዘርዝሩ።
3. ከዝርዝሩ አንደኛና ሁለተኛ መታየት ያለባቸውን ብቻ ምረጡ። እዚህ የገንዘቡ መጠንና «ይላኩ» ናቸው።

ካልሆነስ? አንደኛውን ለመምረጥ ከተቸገራችሁ ስክሪኑ ሁለት ሥራ ይዟል ማለት ነው። ለሁለት ክፈሉት። አለቃ «ማስታወቂያውም ይግባ» ካለ፣ ከተላከ በኋላ በሚመጣው ስክሪን ላይ አድርጉት። ሰው ብር ሲልክ ዓይኑን አትሻሙ።

## ደረጃ 2፦ እውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡ

በእንግሊዝኛ ዲዛይን ሠርቶ በመጨረሻ መተርጎም ነው ብዙ ስክሪን የሚያበላሸው። ሳጥኑ ለአጭር ቃል ተለክቶ ይቆይና ረጅም ግስ ሲገባበት ይፈነዳል።

1. እያንዳንዱን ቃል በአማርኛ ጻፉ። ስሕተት መልእክቶቹንም ጭምር።
2. በስም ቦታ ላይ ረጅም ስም አስገቡ። «ወልደገብርኤል ተክለሃይማኖት» ሳይቆረጥ ከገባ ሌላውም ይገባል።
3. በገንዘብ ቦታ ላይ «50» ሳይሆን «125,750.00 ብር» ጻፉ።
4. በተኑ ላይ «ይላኩ» በሉ። «ላክ» ካላችሁ ሴቷን ትታችኋል፣ ታላቁንም አንተ ብላችኋል።
5. ሰዓት ካለ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ አሳዩ። ደረሰኝ ላይ «09:00» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይለዋል፣ ሌላው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። «ከቀኑ 9:00» ብላችሁ ጻፉ፤ ነገሩ ያልቃል።

ካልሆነስ? ጽሑፉ ካልገባ ፊደሉን አታሳንሱ። ቃሉን አሳጥሩ፣ ወይም በሁለት መስመር ይውረድ።

## ደረጃ 3፦ ፎንቱን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በአማርኛ ስክሪን ከሚታየው ችግር ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሀ. ፎንቱ የእኛን ፊደል መያዙን አረጋግጡ። በጣም የሚያምሩ ብዙ የላቲን ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። አማርኛ ስትጽፉበት ስልኩ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካል። የተካው ፎንት ከስልክ ስልክ ይለያያል፣ ውፍረቱም ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥምም። ለመለየት ገጹን በክሮም ክፈቱ፣ ጽሑፉ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና ኢንስፔክት በሉ። ኮምፒዩትድ የሚለውን ክፍል እስከ ታች ውረዱ፤ በትክክል የታየው ፎንት ስም እዚያ ተጽፏል። እናንተ የመረጣችሁት ካልሆነ ተተክቷል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኝና ብዙ የውፍረት ደረጃ ያለው ነው፤ ለአፕ እኔ ከእሱ እንድትጀምሩ እመክራለሁ።

ለ. የውሸት ድምቀትን አጥፉ። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ፋይል ከሌለው ብሮውዘሩ ቀጭኑን ፊደል አወፍሮ ደማቅ ያስመስለዋል። ያኔ የጠ እና የጨ ክፍተቶች ይደፈናሉ። ደማቁን ፋይል ለብቻ ጫኑ።

ሐ. መጠኑን በእነዚህ ፊደላት ፈትኑ። በስልኩ ላይ ይህን ጻፉ፦

ሰ ሸ፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ሊ ላ ሌ

እያንዳንዱን ጥንድ የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ጭረቷ ከጠፋች ትርጉሙ ይለወጣል። በገንዘብ አፕ ላይ «የተሰጠ» እና «የተሸጠ» ሲምታቱ አስቡት። በፊደል መጠን 16 ጀምሩ። ስልኩን በክንድ ርቀት ይዛችሁ ጥንዶቹ ካልተለዩ 17 አድርጉት፣ ከዚያ 18። ለማብራሪያ የሚሆን ትንሽ ጽሑፍም ከ14 ባይወርድ ይሻላል። በላቲን ፊደል በ12 የሚነበብ ነገር በአማርኛ አይነበብም፤ የእኛ ፊደል በአንዲት ቅርጽ ውስጥ ብዙ ጭረት ነው የሚይዘው።

መ. የመስመር ርቀቱን አስፉ። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ መስመሮች ሲጠጉ እንደ ግንብ አንድ ላይ ይገጥማሉ። ከፊደሉ መጠን 1.5 እጥፍ ጀምሩ፤ አንቀጹ ከረዘመ ወደ 1.7 ውሰዱት።

ሠ. ከላቲን የተቀዱ ልማዶችን አውጡ። ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ ስለዚህ ርእስን በትልልቅ ፊደል መለየት አይቻልም። በመጠን፣ በውፍረትና በክፍት ቦታ ለዩት። ያዘመመ ጽሑፍ አትጠቀሙ። በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብ ቅንብር ካለ ዜሮ አድርጉት።

ካልሆነስ? የፊደሉ አናት ወይም እግር ከተቆረጠ፣ ለምሳሌ የኘ ጭረት ወይም የሟ እግር ካልታየ፣ ሳጥኑ ቁመቱ ተወስኖበታል። ቁመቱን ፍቱና በውስጥ ክፍተት ተኩት። ባዶ ሳጥኖች በፊደል ፋንታ ከታዩ ፎንቱ አልተጫነም፤ ወደ ሀ ተመለሱ።

አንድ ነገር ደግሞ ለፕሮግራመሮች፦ በአንድሮይድ የጽሑፍ መጠን በኤስፒ (ተጠቃሚው በስልኩ ቅንብር የመረጠውን የፊደል መጠን የሚከተል መለኪያ) እንጂ በዲፒ (ያንን የማይከተል መለኪያ) አይሰጥ። በዲፒ ከሆነ ሰውየው በስልኩ ቅንብር ፊደል ቢያሳድግም የእናንተ አፕ አይሰማውም።

## ደረጃ 4፦ በግራጫ ብቻ ደርድሩ

አሁን ነጭ፣ ጥቁርና ግራጫ ብቻ ይዛችሁ ስክሪኑን ሥሩ። ዓይን ተጠጋግተው ያሉትን ነገሮች የአንድ ቤተሰብ አድርጎ ያያል። ይህ ከማንበብ በፊት ይከናወናል፣ ለማስቆምም አይቻልም። ስለዚህ ርቀት ራሱ መልእክት ነው።

1. የመስኩን (መረጃ የሚሞላበትን ቦታ) ስም ከራሱ ሳጥን በ6 ወይም በ8 ፒክስል አርቁት።
2. በአንዱ መስክና በቀጣዩ መካከል 24 ተዉ።
3. በቡድኖች መካከል፣ ለምሳሌ በ«ለማን» እና በ«ስንት» መካከል፣ 32 ወይም 40 ተዉ።
4. የሁሉንም ግራ ጠርዝ በአንድ መስመር አሰልፉ።

መለኪያው ቀላል ነው፦ በመስኩ ስምና በራሱ ሳጥን መካከል ያለው ክፍተት በመስኮች መካከል ካለው ክፍተት ግማሽ አይበልጥ። «የተቀባይ ስም» የሚለው ጽሑፍ ከላይ ካለው ሳጥንም ከታች ካለው ሳጥንም እኩል ከራቀ፣ ሰው የሂሳብ ቁጥሩን በስም ቦታ ይጽፋል።

ጥንቃቄ፦ መስመርና ክፈፍ ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ በክፍት ቦታ ሞክሩ። እያንዳንዱ መስመር ዓይን ሊያየው የሚገባ ሌላ ነገር ነው። ክፍተቱ አልበቃ ሲል ብቻ ፈዘዝ ያለ የጀርባ ሳጥን አድርጉ።

ካልሆነስ? ስክሪኑ በመስፋቱ ምክንያት «ይላኩ» ወደ ታች ወርዶ ከጠፋ፣ ክፍተቱን አትጠቡት። ምን መውጣት እንዳለበት ለማየት ወደ ደረጃ 1 ዝርዝር ተመለሱ።

## ደረጃ 5፦ አደብዝዛችሁ እዩት

1. የስክሪኑን ምስል በፊግማ ላይ አስቀምጡና ሌየር ብለር 8 ወይም 10 ስጡት። ፕሮግራም ከሌላችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ እዩ።
2. መጀመሪያ ዓይናችሁን የሳበውን ጻፉ። ከዚያ ሁለተኛውን።
3. በደረጃ 1 ከመረጣችኋቸው ጋር አስተያዩት።

ካልገጠመ ብዙ ሰው የሚያደርገው በተኑን ማሳደግ ነው። እሱን አታድርጉ። በምትኩ ዓይን የሚሻሙትን ሌሎች ነገሮች አደብዝዙ። ሎጎው ይነስ፣ አይከኖቹ ይቅለሉ፣ «ይሰርዙ» የሚለው በተን ከጀርባ ቀለሙ ይራቆትና ጽሑፍ ብቻ ይሁን። ሁለት እኩል ደማቅ በተኖች ጎን ለጎን ካሉ፣ ሰው የሚለየው በማንበብ ብቻ ነው። በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አያነብም።

## ደረጃ 6፦ ኮንትራስቱን ለኩ

በዓይን አትገምቱ። ለኩ። ከ1 እስከ 21 የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው።

- ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ይሁን።
- ለትልቅ ጽሑፍ፣ ለአይከንና ለመስክ ጠርዝ ቢያንስ 3።

በነጭ ላይ አንዳንድ የቀለም ኮዶችን እንይ። ግራጫ 999999 የሚሰጠው 2.85 ብቻ ነው። በመስክ ውስጥ «ስም ያስገቡ» የሚል ፈዛዛ ጽሑፍ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። 767676 ልክ ያልፋል፣ 4.54 ነው። 595959 ደግሞ 7 ይደርሳል። የእኔ ምርጫ 595959 ነው፤ ምክንያቱ ፀሐይ ነው።

ስልክ የሚያዘው ደጅ ነው። ታክሲ ተራ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ። የፀሐይ ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ ሲመለስ በደማቁም በጨለማውም ላይ እኩል ይጨመራል። ጨለማው ይነጣል፣ ልዩነቱ ይጠባል። ቢሮ ውስጥ 4.5 የነበረው ደጅ ሲወጣ ከዚያ በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ ቀትር ላይ ስልኩን ይዛችሁ ውጡና የብርሃን መጠኑን ግማሽ አድርጋችሁ አንብቡ።

ካልሆነስ? ከተቸገራችሁ ቀለሙን አጨልሙት እንጂ ፊደሉን ብቻ ደማቅ አድርጋችሁ አትለፉ። ቢጫ ጀርባ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለ ግን ቢጫውን ማጨለም አያድንም። ወርቃማ ቢጫ፣ ማለትም ቀይ 255፣ አረንጓዴ 204፣ ሰማያዊ 0፣ ከነጭ ጋር 1.5 ብቻ ነው። በጥቁር ጽሑፍ ግን 13.9 ይሆናል። ጽሑፉን ጥቁር አድርጉት።

## ደረጃ 7፦ አሁን ቀለም ጨምሩ

1. አንድ ዋና ቀለም ምረጡ። ለሚጫን ነገር ብቻ ተጠቀሙበት። ርእስም፣ ጌጥም፣ በተንም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ከሆኑ፣ የቱ እንደሚጫን ቀለሙ አይናገርም።
2. ነጭ ጽሑፍ የሚሸከም መሆኑን ለኩ። አረንጓዴ 339933 ከነጭ ጋር 3.66 ስለሆነ ለትንሽ ጽሑፍ አይበቃም። 008000 5.1 ነው፤ 006600 ደግሞ ከ7 ያልፋል።
3. ለስሕተት ቀይ፣ ለተሳካ አረንጓዴ ካደረጋችሁ ከእያንዳንዱ ጋር ቃልና ምልክት ጨምሩ። «አልተላከም» ከ✕ ጋር፣ «ተልኳል» ከ✓ ጋር።
4. ስልኩን ወደ ግራጫ ቀይሩት። በአንድሮይድ የአክሰሰቢሊቲ ቅንብር ውስጥ ከቀለም ማስተካከያው ዘንድ ፈልጉት። ሁሉም ነገር አሁንም ይገባል? ካልገባ በቀለም ብቻ የተናገራችሁት ነገር አለ።

ሦስተኛውን አትናቁ። ንጹሕ ቀይና 008000 በብርሃን መጠናቸው በጣም ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው ኮንትራስት 1.3 ገደማ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገር ሰው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ችግሩ በአብዛኛው በወንዶች ላይ ይታያል፤ የአውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ ገደማ አለበት። በአፍሪካ ዝቅ ይላል እንጂ አለ። ከእነዚህ አንዱ «አልተላከም» የሚለውን «ተልኳል» ብሎ ከወሰደው ተቀባዩ በከንቱ ይጠብቃል።

ጥንቃቄ፦ ቀጭን ሰማያዊ ጽሑፍ በጥቁር ላይ አታድርጉ። በዓይን መካከል፣ ጥርት አድርጎ በሚያየው ቦታ፣ ሰማያዊን የሚቀበሉ ሕዋሶች የሉም ማለት ይቻላል።

## ደረጃ 8፦ ለጣት ቦታ ስጡ

የሚጫን ነገር ሁሉ በአንድሮይድ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ፣ በአይፎን 44 በ44 ፖይንት ይሁን። 48 ዲፒ እንደ ስልኩ ከ7 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አይከኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው የሚጫነው ቦታ ግን አይነስ። በሁለት በተኖች መካከል 8 ተዉ። «ይሰርዙ»ን ከ«ይላኩ» አርቁት።

## ደረጃ 9፦ የሚለወጠውን ነገር ዓይን ባለበት ቦታ አሳዩ

ሰው ስክሪን ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ በራሱ ያየዋል ብላችሁ አታስቡ። ዓይኑ ሌላ ቦታ ካለ፣ ወይም ስክሪኑ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ፣ ትልቅ ለውጥ እንኳ ያልፈዋል። ተጠቃሚው ታች «ይላኩ»ን ተጭኖ የስሕተት መልእክቱ ከስክሪኑ አናት ላይ ከመጣ፣ እሱ የሚያየው ምንም ያልሠራ በተን ነው። ደግሞ ይጫናል።

1. የስሕተት መልእክቱን ከተሳሳተው መስክ ሥር አድርጉት። ስክሪኑንም ወደዚያ መስክ ውሰዱት።
2. ምን እንደሚደረግ ይናገር። «ስሕተት ተፈጥሯል» አይበቃም። «የሂሳብ ቁጥሩ ሁለት አኃዝ ይጎድለዋል» በሉ።
3. ሰውየው የጻፈውን አታጥፉበት።
4. በተኑ በተነካ በ0.1 ሴኮንድ ውስጥ መልኩ ይለወጥ። ያኔ እጁ እንደሠራ ያውቃል።
5. ከ1 ሴኮንድ ካለፈ በተኑን ዳግም እንዳይጫን ዝጉና ራሱ በተኑ ላይ «በመላክ ላይ…» ብላችሁ ጻፉ።
6. ከ10 ሴኮንድ ካለፈ ሐሳቡ ይሸሻል። ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሩት፣ መውጫም ስጡት።

ካልሆነስ? ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ «አልተሳካም» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ብሩ ሄዶ ሊሆን ይችላል። «መላኩን እያረጋገጥን ነው፣ እባክዎ እንደገና አይላኩ» ይበል። ይህ መልእክት በሚንሸራተት ባነር ውስጥ አይሁን። ማስታወቂያ የሚመስልን ነገር ሰው ሳያየው ያልፈዋል።

## ደረጃ 10፦ ለሰው ስጡና ዝም በሉ

1. ስክሪኑን ለ5 ሴኮንድ አሳዩና ደብቁት። «ምን ለማድረግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።
2. ከዚያ ስልኩን ስጡትና አንድ ሥራ ብቻ ንገሩት፦ «ለወንድምህ 500 ብር ላክለት።»
3. አትርዱት። በጣት አታሳዩት። ዝምታው ይከብዳል፣ ግን የምትፈልጉት መረጃ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።
4. ጣቱ አየር ላይ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ጻፉ።
5. በስልኩ ቅንብር ፊደሉን እስከ መጨረሻው አሳድጋችሁ ድገሙት።

«ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለው፣ «አዎ» ይላችኋል።

የተሰናከለበት ቦታ የቱን ደረጃ እንደምትከልሱ ይነግራችኋል፦

- ዓይኑ በተኑን አልፎት ሄደ፦ ደረጃ 5።
- አየው፣ ግን ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ፦ ደረጃ 3 እና 6።
- አነበበው፣ «ምን ማለት ነው?» አለ፦ ደረጃ 2።
- የአንዱን መረጃ በሌላው ቦታ ጻፈ፦ ደረጃ 4።
- ሊጫን ያሰበውን ስቶ ሌላ ነካ፦ ደረጃ 8።
- ሁለቴ ተጫነ፦ ደረጃ 9።

አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ለዚያው ሰው መልሳችሁ አትስጡ፤ መንገዱን ለምዶታል። አዲስ ሰው ፈልጉ።